ተቀባይ

አማርኛችን «ተቀባይ» የምትባል ቃል አለችው፤ ብዙ ቤት የምታድር ቃል ናት። ዘፈን በሚዘፈንበት ሁሉ አውጪ አለ፤ ተቀባይም አለ። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ስንኝ ሲመጣለት «ተቀበል!» ይላል፤ ማሲንቆ የያዘውም ያልጠበቀውን ግጥም ከአየር ላይ ቀልቦ፣ ዜማ አልብሶ ለቤቱ ይመልሰዋል። በባንክ ቤት ደግሞ «ገንዘብ ተቀባይ» አለ፤ ከመስኮቱ ወዲህ ተቀምጦ ብር የሚቆጥር። ያ እኔ ነኝ። ከመስኮቱ ወዲያም ሌላ ተቀባይ ቆሟል፤ ከባሕር ማዶ የተላከለትን ሊወስድ የመጣ። ቅጹ ሁለቱን ሰዎች «የላኪ ስም»፣ «የተቀባይ ስም» ብሎ ይለያቸዋል፤ በመካከላቸው ያለው ውቅያኖስ ግን በቅጹ ላይ ቦታ የለውም።

ተቀባይ ሲባል በሰው ልቡና የሚሳለው እጁን ዘርግቶ የሚጠብቅ ሰው ነው። የደከመው ላኪው ነው፤ ያመጣው ወርዋሪው ነው፤ የፈጠረው አውጪው ነው። ተቀባዩ ደርሶ ወሰደ፤ ከዚህ ያለፈ ምን አደረገ? ይህን ጥያቄ ቁጭ ብዬ እንድመረምረው ያደረገኝ ባለቅኔ ወይም ፈላስፋ አይደለም። አንድ አሜሪካዊ ኳስ ተጫዋች ነው። ስሙ ጄሪ ራይስ ይባላል፤ የተሰለፈበት ቦታ ደግሞ «ዋይድ ሪሲቨር»፤ በእኛ አፍ ከሜዳው ዳር የሚሰለፍ ተቀባይ ማለት ነው።

አንባቢዬ ሆይ፣ ስለ ሥነ ጽሑፍ እናወጋለን ብለህ ወደዚህ ገጽ ብትመጣ ስለ አሜሪካ ፉትቦል በማንሣቴ አትቀየመኝ። ትንሽ ታገሠኝ፤ መንገዱ ወደ ግጥም ይመልሰናል። ዓመታቱን የማነሣቸው ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑንም ያዝልኝ።

ሰውዬውን ያወቅሁት በታላቅ ወንድሜ በኩል ነው። ወንድሜ ዲቪ ደርሶት በ2001 ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ ገባ። በዚያው ዓመት ጄሪ ራይስም፣ የ38 ዓመት ሰው ሆኖ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ከተጫወተበት ከሳን ፍራንሲስኮ ቡድን ተሰናብቶ ወደ ኦክላንዱ ቡድን ወደ ሬይደርስ ተዛወረ። ወንድሜ ቀን የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃል፤ ማታ ታክሲ ይነዳል። ጨዋታውን የተማረው ከተሳፋሪዎቹ ወሬና ከታክሲው ሬዲዮ ነበር። በስልክ ሲያወራኝ ስለ ብርዱ፣ ስለ ኪራዩ፣ ስለ ናፍቆቱ ብዙ አይነግረኝም፤ «እዚህ አንድ ሽማግሌ ኳስ ተጫዋች አለ» ይለኛል እንጂ። እኔ ያኔ ገና ልጅ ነበርሁ። በየወሩ የሚልከው ገንዘብ ደብተሬ፣ ጫማዬ፣ ኋላም የዩኒቨርሲቲ ወጪዬ ሆነ። እንግዲህ ብር መቁጠር ሳልጀምር አስቀድሞ ተቀባይ ነበርሁ ማለት ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። በየወገኑ አሥራ አንድ ሰው ይሰለፋል። ሜዳው አንድ መቶ ያርድ ነው፤ አንዱ ያርድ ከአንድ ሜትር በጥቂት ያንሳል። ኳስ የያዘው ወገን በአራት ሙከራ አሥር ያርድ መግፋት አለበት፤ ከገፋ ሌላ አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ ካልገፋ ኳሱ ለባላጋራው ያልፋል። ኳሱን የሚወረውረው ሰው ኳርተርባክ ይባላል። ተቀባዩ ከዳር ይነሣና አስቀድሞ በደብተር በተሣለለት መስመር ይሮጣል፤ ይህን ያህል እርምጃ ወደ ፊት፣ ከዚያ ድንገት ወደ ውስጥ፣ ወይም ወደ ውጭ፣ ወይም ወደ ኋላ።

እኔን የገረመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ጥሩ ወርዋሪ ኳሱን የሚወረውረው ወደ ሰው አይደለም፤ ወደ ባዶ ቦታ ነው። ኳሱ ከእጁ ሲወጣ ተቀባዩ ገና ፊቱን አላዞረም፤ ቦታውም ላይ አልደረሰም። ወርዋሪው የሚያምነው ያ ሰው በዚያች ቅጽበት በዚያች ስፍራ እንደሚገኝ ነው። ተቀባዩ አንድ እርምጃ ቢያጎድል፣ ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ፣ ኳሱ በባዶ ሜዳ ይወድቃል፤ ወይም ጠላት እጅ ይገባል። ስለዚህ መቀበል የሚጀምረው ኳሱ ሲመጣ አይደለም። ኳሱ ከመምጣቱ ከብዙ ጊዜ በፊት፣ ማንም ሳያይ፣ በእግር ይጀመራል።

ራይስ ይህን ሥራ የጀመረው በጡብ ነው። በ1962 በሚሲሲፒ ግዛት ተወልዶ ክራውፎርድ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ አደገ። ከስምንት ልጆች አንዱ ነው። አባቱ ጆ ናታን ራይስ ግንበኛ ነበሩ፤ ወንዶች ልጆቻቸውንም በበጋው ፀሐይ ያሠሯቸው ነበር። ጄሪ ከመወጣጫው ላይ ይቆማል፤ ወንድሞቹ ከታች ጡብ ይወረውሩለታል፤ እሱ ይቀልባል። የተወረወረ ጡብ በአየር ላይ ይበታተናል፤ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ይሄዳል። የሳተው ጡብ ይሰበራል፤ ወይም ከታች ባለው ሰው ላይ ይወርዳል። ኋላ የዓለም ጉድ የሆኑት እጆች የሠለጠኑት እንዲህ ነው። ወንድም ይወረውራል፤ ወንድም ይቀበላል፤ በመካከሉ ግድግዳ ይቆማል።

ወደ ሜዳ የገባበት ታሪክም የሚያስቅ ነው። አንድ ቀን ከክፍል ቀርቶ ሲንጎራደድ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ከኋላው ይደርሱበታል። ልጁ ደንግጦ ሮጠ፤ ሩጫው ግን ተማሪ የሚሮጠው ዓይነት አልነበረም። ቅጣቱን ቀጡትና ወሬውን ለፉትቦል አሠልጣኙ አደረሱለት። ከዚያ በኋላ በዚያው ግዛት ኢታ ቤና ውስጥ ሚሲሲፒ ቫሊ ስቴት በተባለ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያም አርቺ ኩሊ የተባለ፣ መወርወርን እንደ ሃይማኖት የያዘ አሠልጣኝ አገኘ፤ ዊሊ ቶተን የተባለ ወርዋሪም ገጠመው። በ1984 ራይስ 103 ኳሶች ተቀብሎ 1,682 ያርድ ገፋ፤ 27 ጊዜም ግብ ገባ። ተማሪዎቹ በዓለም ላይ የማይቀልበው ኳስ የለም ሲሉ «ወርልድ» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት።

የትልልቁ ሊግ መልማዮች ግን ተጠራጠሩ። ትምህርት ቤቱ ትንሽ ነው፤ የገጠሙት ባላጋራዎች ደካሞች ናቸው፤ በሰዓት ሲለካም ከሁሉ ፈጣኑ እሱ አይደለም አሉ። የሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ አሠልጣኝ ቢል ዋልሽ ግን በሆቴል ክፍሉ ቴሌቪዥን አይቶት ነበርና ልቡ እዚያው ቀረ። በ1985 የምልመላ ቀን ተራውን ከሌላ ቡድን ለውጦ ወደ ፊት ወጣና በ16ኛ ተራ ወሰደው። ከራይስ በፊት ሁለት ሌሎች ተቀባዮች ተመርጠው ነበር።

ታሪኩ ከዚህ በኋላ ቀና ብሎ ይሄዳል ብለህ ከሆነ አልሄደም። በመጀመሪያው ዓመት ከእጁ ያመለጡት ኳሶች በዝተው የገዛ ቡድኑ ደጋፊዎች ጮኹበት። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ፣ ጃንዋሪ 1987፣ ከኒው ዮርክ ጃያንትስ ጋር ትልቅ ጨዋታ ነበር። ራይስ ገና በጨዋታው መጀመሪያ ኳሱን ተቀብሎ ሁሉን አለፈ፤ ከፊቱ ማንም የለም። ከግቡ በፊት፣ ማንም ሳይነካው፣ ኳሱ ከእጁ ሸሽቶ ወደቀ፤ ባላጋራዎቹም አነሡት። ቡድኑ 49 ለ 3 ተሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት በ1987፣ የተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ ባሳጠረው ወራት፣ በ12 ጨዋታ 22 ጊዜ ኳስ ተቀብሎ ግብ ገባ። በአንድ የውድድር ዘመን ያን ያህል የተቀበለ ሰው ከእርሱ በፊት አልነበረም።

በሁለቱ ዓመታት መካከል ምን ተለወጠ? እጁማ ያው እጅ ነው። የተለወጠው ከኳሱ በፊት ያለው ሥራ ነው። በልምምድ ቀን እያንዳንዱን ኳስ እንደተቀበለ፣ ሌሎቹ ወዲያው ሲመለሱ፣ እሱ እስከ ሜዳው መጨረሻ ድረስ ይሮጣል፤ አሥር ጊዜ ቢወረወርለት አሥር ጊዜ። ጨዋታ በሌለበት ወራት ደግሞ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ደቡብ በሳን ካርሎስ አጠገብ ካለ ተራራ ላይ፣ ሁለት ማይል ተኩል ያህል በሚሆን አቀበት፣ ዕለት ዕለት ይወጣ ነበር። ሌሎች ተጫዋቾች አብረውት ለመውጣት ይመጡ ነበር፤ ብዙዎቹ ከመንገድ ቆመው አስመለሱ። በተራራው ላይ ወርዋሪ የለም፤ ኳስ የለም፤ ተመልካችም የለም። ይህ ሰው ኳስ ተቀባይ ሆኖ ሳለ የዕድሜው አብዛኛው ያለፈው ኳስ በሌለበት ነው።

እንዲያውም ከድሎቹ ሁሉ እኔ የምወድለት ኳስ ያልያዘበትን ነው። በጃንዋሪ 1989፣ ማያሚ ላይ፣ በሃያ ሦስተኛው ሱፐር ቦውል ሳን ፍራንሲስኮ በሲንሲናቲ 16 ለ 13 ይመራ ነበር። ሦስት ደቂቃ ያህል ቀርቷል፤ ኳሱ ያለው ከገዛ ግባቸው በስምንት ያርድ ላይ ነው፤ ዘጠና ሁለት ያርድ ይቀራል። ወርዋሪው ጆ ሞንታና በዚያ ጉዞ ለራይስ ሦስት ጊዜ ወረወረለት፤ በሦስቱ ብቻ 51 ያርድ ተገፋ። ግቡ አሥር ያርድ ሲቀር ራይስ ከቦታው ተነሥቶ በመስመሩ ጎን መሄድ ጀመረ፤ የተከላካዮቹም ዓይን አብሮት ሄደ። ያን ጊዜ ጆን ቴይለር በመሀል ሰንጥቆ ገባና ኳሱን ተቀበለ፤ 34 ሰከንድ ሲቀር 20 ለ 16 ሆነ። ራይስ በዚያ ቀን 11 ኳሶች ተቀብሎ 215 ያርድ በመግፋቱ የጨዋታው ኮከብ ተባለ። ዋንጫውን ያመጣችው የመጨረሻዋ ኳስ ግን ለእርሱ አልነበረችም፤ ሮጦ ለሌላ ሰው መንገድ ከፈተ።

ባንክ ቤት የሚውል ሰው ቁጥር ሲያይ እጁ አያርፍም። በሃያ የውድድር ዘመናት ውስጥ ራይስ በ303 ጨዋታዎች 1,549 ኳሶች ተቀበለ፤ 22,895 ያርድም ገፋ። በዚህ መዝገብ ሁለተኛ የሆነው ላሪ ፊትዝጄራልድ 17,492 ያርድ አለው፤ ልዩነቱ 5,403። አንድ ተጫዋች በየዓመቱ አንድ ሺሕ ያርድ እየገፋ ሃያ ሁለት ዓመት ቢጫወት ገና 895 ይጎድለዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ያስደንቃልም።

ነገር ግን እስቲ በእኛ መለኪያ እንቁጠረው። 22,895 ያርድ በሜትር ሲመነዘር 20,935 ሜትር ይሆናል፤ ከግማሽ ማራቶን በ162 ሜትር ያንሳል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በጃንዋሪ 2006 እዚያው አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ፣ ግማሽ ማራቶንን በ58 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ጨርሶታል። አንድ ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ አጥንቱን እየሰበረ የሰበሰበው ርቀት፣ ሌላው በአንድ ጠዋት የሚሮጠው ሆኖ ተገኘ። ሌላም ሒሳብ ሠራሁ፦ እያንዳንዱ ኳስ በእጁ አምስት ሰከንድ ቆየ ብንል እንኳ፣ የ1,549ኙ ድምር ከሁለት ሰዓት ከዘጠኝ ደቂቃ ብዙ አይዘልም። ከሃያ ዓመት ውስጥ ሁለት ሰዓት! የቀረው ሁሉ ተራራው ነው፤ ወዳልተወረወረለት ቦታ የሮጠው ሩጫ ነው፤ ማንም ያልመዘገበው ነው።

ይህን የምለው ክብሩን ለማሳነስ አይደለም። ግጥም የሚሞክር ሰው ሁሉ ይህን ሒሳብ ያውቀዋል። ማታ ካዝናው ተዘግቶ፣ ሒሳቡ ሳንቲም ሳይጎድል ገጥሞልኝ ቤቴ ስገባ፣ ወረቀት ፊት ቁጭ እላለሁ። አብዛኛው ሌሊት ምንም አይመጣም። ስንኝ የምትመጣው ግን ወደተቀመጠላት ሰው ነው፤ ያልተቀመጠ ሰው «ተቀበል!» ቢባል እንኳ አይሰማም። በሠላሳዎቹ ዕድሜዬ ውስጥ ያሉኝ፣ እኔም ራሴ የማላፍርባቸው ግጥሞች ጮክ ብዬ ባነብባቸው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃሉ።

ወደ ራይስ ልመለስ። በሴፕቴምበር 1994 በአንድ ምሽት ሦስት ጊዜ ግብ ገብቶ የጂም ብራውንን የ126 ግብ ክብረ ወሰን አለፈ፤ ኋላ ድምሩን 208 አድርሶታል። በ1997 በመጀመሪያው ጨዋታ የግራ ጉልበቱ ጅማቶች ተበጠሱ። በሦስት ወር ተኩል ውስጥ በዲሴምበር ተመለሰ፤ በተመለሰበት ምሽት ግብ ገባ፤ ግቡን ሲያገባ ግን የጉልበቱ ሎሚ ተሰነጠቀ። መጠበቅ አያውቅም ነበር። በዲሴምበር 2000 የሳን ፍራንሲስኮ ሕዝብ በገዛ ሜዳው ሊሰናበተው ተሰበሰበ። በዚያ ቀን ወጣቱ ጓደኛው ተሬል ኦውንስ 20 ኳሶች ተቀብሎ የአንድ ጨዋታ ክብረ ወሰን ሰበረ። ለሽማግሌው ስንብት የመጣ ሕዝብ የልጁን ዘመን መምጣት አይቶ ሄደ።

ከዚያ ኦክላንድ፤ ወንድሜ ያለበት ከተማ። በ2002፣ አርባ ዓመት በሞላበት ዘመን፣ 92 ኳሶች ተቀብሎ 1,211 ያርድ ገፋ። ወንድሜ እሑድ ማታ፣ በእኛ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ተሳፋሪ በመጠበቅ ላይ ሳለ ደውሎ «ሽማግሌው ዛሬም ያዘ!» ይለኝ ነበር። ከድምፁ ውስጥ የማይነግረኝን ነገር እሰማ ነበር፤ እሱም በሌላው ዓለም ዘግይቶ የጀመረ፣ ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ጀርባውን የሚያመው ሰው ነበርና። በጃንዋሪ 2003 በሱፐር ቦውል ኦክላንድ በታምፓ ቤይ 48 ለ 21 ተሸነፈ፤ ራይስ ግን በዚያም ግብ ገባ። በሴፕቴምበር 2004፣ በ274 ተከታታይ ጨዋታዎች ቢያንስ አንድ ኳስ ሲቀበል የኖረ ሰው፣ አንድም ሳይቀበል ከሜዳ ወጣ። በዚያው ወቅት ወደ ሲያትል ሄደ። ቡድኑ ለስቲቭ ላርጀንት ክብር ከጥቅም ውጭ ያደረገውን 80 ቁጥር ማሊያ፣ ላርጀንት ፈቅዶለት ለበሰ። በ2005 ዴንቨር ሞከረው፤ ከተጠባባቂዎች ተርታ መሆኑን ሲያውቅ ውድድሩ ሳይጀመር ተሰናበተ።

ሒሳብ ሲመረመር የማይመቸውም ይመዘገባል። በ2015 ራይስ በተጫዋችነት ዘመኑ ጓንቱ ላይ ጥቂት የሚያጣብቅ ነገር ይረጭ እንደነበር በገዛ አንደበቱ ተናገረ፤ ሊጉ ግን ይህን ከ1981 ጀምሮ ከልክሎት ነበር። ወሬው ብዙ ሰው አስቆጣ። እኔ መዝገቡን የምዘጋው በሁለቱም ዓምድ ጽፌ ነው። ሙጫው እጅ ላይ ነው፤ ተራራውን የወጣው እግር ነው። አንዱ ሌላውን አያስተባብለውም።

በኦገስት 2006 የሳን ፍራንሲስኮ ቡድን የእነርሱ ተጫዋች ሆኖ ጡረታ እንዲወጣ ለአንድ ቀን አስፈረመው። በውሉ ላይ የሰፈረው ገንዘብ 1,985,806 ዶላር ከ49 ሳንቲም ነበር። በሥራዬ ብዙ ቁጥር አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። 1985 የተመለመለበት ዓመት ነው፤ 80 የማሊያው ቁጥር ነው፤ 06 የተሰናበተበት ዓመት ነው፤ 49 የቡድኑ ስም ነው። ከዚያ ገንዘብ አንድ ሳንቲም አልተከፈለውም፤ ለክብር ብቻ የተጻፈ ነበር። የማይመነዘር፣ የማይከፈል፣ ሙሉ ዕድሜ ግን ያለበት ቁጥር።

በ2010 ኦሃዮ ግዛት፣ ካንተን ከተማ፣ የዝነኞች መዝገብ ውስጥ ሲገባ ንግግር አደረገ። ወንድሜ የሰማው በታክሲው ውስጥ ነበር፤ እኔ ከዓመታት በኋላ በዩቲዩብ አየሁት። ራይስ ስለ አባቱና ስለ ጡቡ ተናገረ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያንቀሳቅሰው የኖረው ሞተር የውድቀት ፍርሃት እንደነበር አልደበቀም። ከዚያም አንድ ጸጸት አለኝ አለ፤ ይኸውም ሥራውን ቆም ብሎ ለመደሰት ጊዜ አለመስጠቱ ነበር። ሁልጊዜ ይሠራ ነበር።

እነሆ፣ ከቁጥሮቹ ሁሉ በላይ ከእኔ ጋር የቀረው ይህ ነው። ከሰው ልጅ ሁሉ አብልጦ የተቀበለ ሰው፣ ጡቡን፣ ኳሱን፣ ዋንጫውን፣ ጭብጨባውን የተቀበለ ሰው፣ አንዲቱን ነገር ሳይቀበል አለፈ። ደስታው በሰዓቱና በቦታው ተወርውሮለት ነበር፤ እሱ ግን ወደሚቀጥለው መስመር ሮጦ ነበር። ያን ያህል ታላቅ ያደረገው ፍርሃት ዋጋውን አስከፍሎታል። ያለ ፍርሃቱ ያን ተራራ ይወጣው ነበር ወይ? እኔ አይመስለኝም። ቆም ብሎ ቢደሰት ኖሮ 22,895 ይደርስ ነበር ወይ? እሱንም አልልም። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ሰው ካለ ስሙ በመዝገብ ላይ ላይኖር ይችላል።

ወንድሜ ንግግሩን በሰማ ማግስት ደወለልኝ። «ሰውዬው ስለ እኔ ተናገረ እኮ» አለኝና ሳቀ። እኔ «እንግዲያው አንድ እሑድ እንኳ ዕረፍ» አልሁት። «እስቲ እናያለን፤ አንተ ብቻ ትምህርትህን ጨርስ» አለኝ። ጨረስሁ። እሱ ግን እሑድ መሥራቱን አላቆመም። ገንዘቡን አሁን ለታናሽ እኅታችን ልጆች ይልካል፤ እኔ ሥራ ከያዝሁ ዓመታት አልፈዋልና አልቀበልም ብዬዋለሁ። ያን ቀን ለአፍታ ዝም ብሎ ነበር። ላኪ የተቀባይን እጅ ሲያጣ እንዴት ያለ ዝምታ ዝም እንደሚል ያን ጊዜ ሰማሁ።

ከመስኮቱ ወዲያ የቆሙትን ተቀባዮች ስመለከት አሁን ሌላ ነገር ይታየኛል። አንዲት እናት ገንዘቡን ከመቁጠሯ በፊት በቅጹ ላይ ያለውን የላኪ ስም በጣቷ ትዳስሰዋለች። መቀበል ማለት ይህም ነው። የተላከውን መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ከየት እንደመጣ፣ በማን ትከሻ እንደመጣ አውቆ ለአፍታ ቆሞ ማየት ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ጄሪ ራይስ ከሁሉ አብልጦ አስተማረን፤ ሁለተኛውን በጸጸቱ አስተማረን። ከሁለቱ የትኛው ትምህርት እንደሚከብድ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ሜዳ ላይ ይወቀው። እኔ ለወንድሜ ይህችን ጻፍሁለት፤ ለእናንተም እነሆ፦

ባዶ ሜዳ አይተህ ኳሱን ላክህልኝ፤
ሳልደርስ መድረሴን አምነህ ጠበቅኸኝ።
እኔም ሮጬ ደረስሁ፣ እጄም አልጎደለ፤
ደስታው ብቻ ቀርቷል ከመንገድ የዋለ።
አሁን ግን ላንድ አፍታ «ቁም» በለኝ ወንድሜ፤
የያዝሁትን ልየው ከሩጫዬ ቆሜ።

ቸር እንሰንብት።